ወደ ኋላ የሚመልሰው ቁልፍ

ባሏ ጌም የሚጫወትበትንና ሥዕል የሚስልበትን የእጅ ኮምፒውተሩን አቀበላት። «እንኳን ተወለድሽልኝ! አንቺን ነው የሳልኩት» ብሏት ሻይ ሊጥድ ማድ ቤት ገባ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ቁርጥ እሷን ነበረች፤ ጠዋት የሰጣትን ጉትቻ እንኳ ሳይቀር አድርጋለች።

ጌም ስትጫወት እንደለመደችው በሁለት እጇ ጨበጥ ስታደርገው፣ ጣቷ የጎን ቁልፉን ነካና ሥዕሉ ላይ ከአገጯ የማርያም ስሞሹ ጠፋ። ለካ ቁልፉ መጨረሻ ከተሳለው ጀምሮ እያጠፋ በየተራ ወደ ኋላ ይመልሳል። ነገሩ አስቋት ደጋግማ ተጫነችው። አፍንጫዋ ሄደ፤ አጭር ፀጉሯም ተከተለ። ከሥር የልብ ጓደኛዋ ፊት ብቅ ሲል ክው አለች። ጉትቻው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ከመጀመሪያውም የጓደኛዋ ጆሮ ላይ ነበር።

«እህ፣ አልመሰለም እንዴ?» አለ ባሏ ከማድ ቤት።

ጉትቻዋን አውልቃ ስክሪኑ ላይ፣ ጓደኛዋ ጆሮ ላይ አስቀመጠችው።

«ቁርጥ እሷን!» አለችው።