ቀምሶ መስጠት

«ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃ ለሰውም ለከብትም አይጎዳም» የሚለውን ደብዳቤ በታይፕ የመታችው አገርነሽ ናት። ያኔ የሳሙና ፋብሪካው ጸሐፊ ነበረች። የፈረመው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሣህሉ ነው። በዚያው ክረምት፣ በ1973 ዓ.ም.፣ የስምንት ዓመት ልጇ ሸዋዬ ጣና ዳር ከፋብሪካው ቦይ አፍ ጠጥታ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ አገርነሽ የቦዩን ውሃ በጠርሙስ ይዛ ሣህሉ ቢሮ ገባች።

«ንጹሕ ነው ብለው ፈርመዋል። ለሰው የሚያጠጡትን ቀምሰው ይስጡ እንጂ!» አለችው።

የአገሩ ወግ ነው፤ ውሃም ሆነ ጠላ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ሳይቀምስ የሰጠ ይጠረጠራል። ሣህሉ ጠርሙሱን እንኳ አልነካም። ዘበኛ ጠርቶ አስወጣት፤ በማግሥቱም ከሥራ አባረራት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ሣህሉ ረሳ።

እሷ መምህራን ማሠልጠኛ ገባች። ስትመረቅ ባሕር ዳር ተመልሳ፣ የሣህሉ ልጅ እናትዓለም የምትማርበት ትምህርት ቤት እንዲመድቧት ለይታ ጠየቀች። ከተማው ወሬ አያጣም፤ ሁሉም የመሰለውን አሰበ።

አስተማሪነቷም እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ጠመኔውን ትታ ተማሪዎቿን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ዳር ይዛ ትወርዳለች። ደንገሉ የት እንደ ደረቀ፣ ዓሣው ከየት እንደ ሸሸ በእግራቸው ሄደው በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ መጠየቅ ትጀምራለች።

«ከሐይቁ የሚቀዳ እጁን ያውጣ። ቤቱ ቧንቧ ያለውስ? ይህ ቦይ በነዚያ ደጅ እንጂ በነዚህ ደጅ የማይወርደው ለምንድን ነው?»

የባለሥልጣን ልጆች መሬት መሬት ያያሉ። እናትዓለም ግን ከፊት ቁጭ ብላ ትጽፋለች። አገርነሽም ከጎኗ አትለያትም።

ነገሩ ያላማረው ርእሰ መምህሩ ጀላሉዲን አስጠራት።

«እህቴ፣ ያችን ልጅ ተያት። ልጅ ምን አደረገች?»

«የኔዋስ ምን አድርጋ ነበር?»

«በቀሉን ለፈጣሪ ስጪው።»

«ጸለይሁ እኮ ጋሼ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሆነብኝ። እኔ የጠጣሁትን መራራ ሣህሉም በሰው ፊት እስኪጠጣው ድረስ እንቅልፍ የለኝም።»

ጀላሉዲን ደነገጠ። ቢሆንም ለማንም አልተናገረም፤ እሱም ቤቱ ሐይቁ ዳር ነው።

በግንቦት፣ ተማሪዎቹ በጻፉት አቤቱታ፣ ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከደብረ ማርቆስ የጤና መርማሪዎች መጡ። አገርነሽ በዋዜማው ለእናትዓለም አንድ ጆግ ሰጥታ በጆሮዋ ነገረቻት። «ለእናትሽም እንዳትነግሪ» ስትል የሰሙ አሉ።

በማግሥቱ ሣህሉ መርማሪዎቹን ፋብሪካውን አስጎብኝቶ ወደ ቦዩ አፍ አመጣቸው። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ያንኑ የድሮ ደብዳቤ አውጥቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ውሃው ከእግሩ ሥር ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ዳር ዳሩን ብቻ አረፋ ይዞታል።

«እንግዶቻችን በፀሐይ መጥተዋል፤ ጠምቷቸዋል» አለች አገርነሽ። «እናትዓለም፣ ውሃ አምጪላቸው።»

ልጅቱ ከቦዩ አፍ አጠገብ፣ ከደንገሉ ጀርባ፣ ጆጉን እስከ አፉ ሞልታ ብቅ አለች። ወደ እንግዶቹ ቀርባ ጎንበስ አለች። እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አደረገችና ወደ አፏ ወሰደችው።

የሣህሉ ፊት አመድ መሰለ። ሮጦ ጆጉን ከእጇ መትቶ ጣለው።

«አትቅመሽው! መርዝ ነው! እኔ አውቀዋለሁ፣ መርዝ ነው! እንትፍ በይው ልጄ!»

የመርማሪዎቹ አለቃ ብዕሩን አወጣ። እናትዓለም ግራ ገብቷት አባቷን ቀና ብላ አየችው።

«ምነው አባባ? ጧት ከቤታችን ቧንቧ የቀዳሁት ውሃ እኮ ነው።»