ድብ አይናገርም

ኤርቪን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በገለባ ተጀቡኖ፣ ወገቡን በሰንሰለት ታስሮ መንደርተኛውን አስከትሎ ወደ ገዛ ግቢው እየተጎተተ ገባ። የለበሰው ገለባ ሦስት አውድማ ያራቆተ ነው። የሚያጅበው አኮርዲዮን በአንድ ወገን ዋርሶን፣ በሌላው በርሊንን ሳይቀሰቅስ አልቀረም።

በዚህ የፖላንድ መንደር ሁዳዴ ሊገባ ሲል ገለባ የለበሰ ሰው ድብ ሆኖ በየቤቱ ይዞራል። ከእመቤቲቱ ጋር ይጨፍራል፤ እሷም ከትከሻው አንዲት ሰበዝ መዛ ዶሮዎቿ ከሚተኙበት ታኖራለች። ያ ቤት ዓመቱን አይጎድልበትም። ሕጉ አንድ ነው፦ ድብ ያጓራል እንጂ አይናገርም። ቃል ካመለጠው የመንደሩ ገድ ሁሉ ይሸሻል። ኤርቪን ደግሞ፣ በሌላ ጊዜ ሬሳ ቀስቅሶ የሚያስቅ ለፍላፊ፣ ገለባው ውስጥ ከገባ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እንደሱ ያለ ድብ ፖላንድም ጀርመንም አልበቀለም፤ ይህን የሚለው ራሱ ነው።

ሚስቱ ብሮኒያ በሩን ከፈተች። ካፖርት ለብሳለች። ከኋላዋ ሻንጣ ቆሟል።

«እመቤት!» አለ ኖርበርት፣ የፖሊስ ቆብ ደፍቶ ሰንሰለቱን የያዘው ጎረቤት፤ «ይሄ አውሬ ምን በድሎሻል? ክሰሽው!»

«ክስ የለኝም፤ መልእክት ነው ያለኝ።» የድቡን መዳፍ ይዛ ትዞር ጀመር። «አያ ድቦ፣ ባሌን ካገኘኸው ንገረው። ‹አያቶቼ ጀርመኖች ናቸው፣ ዘንድሮ እንሄዳለን› እያለ ጣሪያው እላያችን ላይ በሰበሰ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«እናቱ እስክትሞት ‹መጤ› ስትለኝ ኖረች። ከጦርነቱ በኋላ አባቴን ከምሥራቅ በከብት ባቡር አምጥተው እዚህ ስለጣሉት። ይኸው፣ መጤዋ ወደ አያቶቹ አገር ልትሄድ ነው። የሰው ሽማግሌ በደመወዝ እያጠብኩ እኖራለሁ። እሱ እዚሁ ያውራ።»

«ኧረ ገደለችው!» ኖርበርት እንባውን ጠረገ። «አያ ድቦ፣ መልስ እንጂ!»

ኤርቪን ያየው ሻንጣውን ነው። ለጥቂት ቀን የሚያዘው ትንሹ አይደለም፤ ትልቁ ነው።

ብሮኒያ ወደ ጆሮው ተጠጋች። አሁን አልቀለደችም። «ኤርቪን፣ አንዲት ቃል። ‹ቅሪ› በለኝ፣ እቀራለሁ።»

‹ቅሪ› ሊላት ቀና አለ። ዙሪያውን መንደሩ በሙሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ነገ መጠጥ ቤት ምን ሊባል ነው? ድቡ ተናገረ! ያውም ለሚስቱ!

አጓራ። እንዲህ ያለ ማጓራት ከኖኅ መርከብ ወዲህ አልተሰማም፤ መስኮቶቹ ረገፉ ቢባል ማን ይከራከራል። ሰዉ አጨበጨበ። «ድብ ማለት ይሄ ነው!» አለ ኖርበርት።

ብሮኒያ መዳፉን ለቀቀችው። ከመንገዱ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ሻንጣዋን አነሳች።

ኤርቪን፣ ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ፣ እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ ሰበዝ እንድትመዝ ትከሻውን ሰጣት። በጎኑ አልፋ ወጣች። አኮርዲዮኑ ቆመ፤ ድቡ ግን ትከሻውን ዝቅ እንዳደረገ ለተከፈተው በር አጎንብሶ ቀረ።