አርባ አምስት ሰከንድ ለያዕቆብ

ሰዓቱ ወደ ኋላ መቁጠር ሲጀምር ምላሴ በራሱ ይነሳል። «ወንድሜ ያዕቆብ» እላለሁ በእንግሊዝኛ፣ ለላፕቶፑ፣ ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ። አርባ አምስት ሰከንድ አለኝ። በዚህ አርባ አምስት ሰከንድ ያዕቆብን መውደድ፣ መሸኘትና መኪናውን ገደል መክተት አለብኝ።

«አሜን!» ትላለች እማዬ ከጓዳ።

ክው እላለሁ። ላፕቶፑ ግን መቅዳቱን ይቀጥላል።

የማነበንበው መልስ የእኔ አይደለም፣ የቲቸር አድነው ነው። ዊንጌት አካባቢ አንድ ምድር ቤት ተከራይቶ በኮምፒውተር ለሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ያዘጋጀናል። «ሰው የሞተበት ታሪክ ለሁሉም ጥያቄ ይሆናል» ይላል። «ስለ ጉዞ ቢጠይቁሽ ጉዞ አለው። ስለምትወጂው ሰው ቢጠይቁሽም ያው ነው። ስሙን ብቻ የራስሽን ሰው ስም አድርጊው፣ ምላስሽ እንዳይያዝ።» «ኦ ጋድ» የምትባለዋን እንኳ የት ቦታ እንደምንላት አስጠንቶናል። አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ነን፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው ገድለናል።

ያኔ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ያዕቆብ ራሱ አጠገቤ ፓስታ እየበላ ነበር። ስነግረው ሳቁ አነቀው። «በደንብ ቅበሪኝ እንግዲህ፣ ነጥብ እንዳይቀንሱብሽ» አለኝ።

ባለፈው እሁድ በአይሱዙው በሬ ሊጭን ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ። ማክሰኞ ሸጎሌ የከብት ገበያ መድረስ ነበረበት። ዛሬ ዓርብ ነው። ስልኩን ስንሞክር የምታነሳው ያቺ የቴሌዋ ሴትዮ ብቻ ናት፤ ማግኘት አይቻልም ትለናለች፣ ሳትሰለች።

ፈተናው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። ባለፈው የንግግሩ ክፍል ላይ ተንተባትቤ ወድቄያለሁ፤ አሁንም ከወደቅኩ የታጨሁበት ስኮላርሺፕ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ረቡዕ ዕለት መልሱን ልቀይረው ሞክሬ ነበር። አልሆነም። እውነቱን ለመናገር መቀየሩን ራሱ ፈራሁት፤ ከቀየርኩት የሆነ ነገር እንደደረሰበት ማመኔ ነው ብዬ።

እማዬ በሩን ከፍታ ትገባለች። የቸርቻችን የጸሎት ቡድን ያለ እሷ አይጀምርም፤ ይሄን ሳምንት ግን ከቤት አልወጣችም። እጇ እርጥብ ነው። ዓይኗ እንደቀላ ነው፣ ፊቷ ግን በርቷል።

«ሚልክዬ፣ እኔ እኮ ወንድምሽ የት እንደገባ ሳይታወቅ አንቺ ፈተናሽን የምታነበንቢ መስሎኝ ተቀይሜሽ ሰንብቻለሁ። ለካ እየጸለይሽለት ነው!»

«እማ፣ እ... ማለቴ፣ ይሄ እኮ...»

«ስሙን ስትጠሪ ሰማሁሽ! ጋድ ስትዪም ሰማሁ። ያ ፈረንጅ ወንጌላዊ የመጣ ጊዜ እንዲሁ አልነበር የጸለየልን? ቋንቋውን ባላውቅ መንፈሱን አላውቅም?» ወንበሬ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ትንበረከካለች። «ድገሚው ልጄ። እኔ አሜን እልልሻለሁ።»

ምን ብዬ ልንገራት? እማ፣ ጸሎት አይደለም፣ ልጅሽን በእንግሊዝኛ እየቀበርኩት ነው፣ አንቺም አሁን አሜን አልሽ? በእኛ ቤት እኮ «እገሌ ይሙት» ብሎ መማል እንኳ ክልክል ነው። ያዕቆብ ልጅ ሆኖ «ሚልካ ትሙት» ብሎ ሲምል በጥፊ ብላው ስታበቃ ሌሊቱን ስትጸልይ አድራለች። አልነግራትም፣ በቃ። ፈሪ ነኝ።

ግን ለእሷ ስል እቀይረዋለሁ። ይመለሳል እላለሁ። ቁልፉን እጫናለሁ፤ አርባ አምስት፣ አርባ አራት። ያዕቆብ ከቤት ይወጣል። መንገዱ ዝናብ ነው። መኪናው ይንሸራተታል። እዚህ ጋ ነው መሪውን መያዝ ያለበት። «ከዚያ» እላለሁ፣ «ከዚያ...» ባዶ። ሰው ከገደል አፍ እንዴት እንደሚመለስ በእንግሊዝኛ አላጠናሁም። ሃያ ሁለት። ሃያ አንድ። እማዬ ጉልበቴን ጨምድዳ ይዛዋለች።

«በርቺ» ትለኛለች በሹክሹክታ።

ምላሴ የሚያውቀውን ያገኛል። ገደሉ፣ ኦ ጋድ፣ አስከሬኑ፣ ልቅሶው፤ አንዲት ቃል ሳልስት፣ አንዴ ሳልንተባተብ። እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። እሷም በየመሃሉ «አሜን! ይሁን! ይሁን ጌታዬ!» ትላለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ሰዓቱ ዜሮ ላይ ይቆማል።

ጓዳ ውስጥ የእማዬ ስልክ ይጮኻል።

ሮጣ ሄዳ ሮጣ ትመጣለች። ስክሪኑ ላይ የያዕቆብ ስም አለ።

«አላልኩሽም! አላልኩሽም ሚልካ!» ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ስልኩን እጄ ውስጥ ትከተዋለች። «አንቺ አንሺው። የለመንሽው አንቺ ነሽ፣ ድምፁን መጀመሪያ አንቺ ስሚው።»

አነሳዋለሁ።

«ያቆ?»

ነፋስ ይሰማኛል፣ ከሩቅም የብዙ ሰው ወሬ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ይቅርታ እህቴ» ይላል ቀስ ብሎ። «አጠገብሽ ትልቅ ሰው አለ?»

እማዬ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና እያመሰገነች ነው።