ቴረር፣ ገንዳው ዳር

ልጄ የመዝለያውን መሰላል መውጣት ጀምራለች። እኔ ገንዳው ዳር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቻለሁ። እስክሪብቶው በላብ ያሟልጨኛል።

ባለፈው ሳምንት ጫፉ ላይ ስትደርስ «አፈር ስሆን፣ ውረጂ» ብዬ ጮህኩና እያለቀሰች ወረደች። ዛሬም ካልዘለለች ጓደኞቿ ወደ ጥልቁ ገንዳ ሲያልፉ እሷ ከሕፃናቱ ጋር ትቀራለች። አሰልጣኟ በር ላይ ይዛኝ፣ ልጅቷ የምትፈራው ውሃውን ሳይሆን የእኔን ድምፅ እንደሆነ በትሕትና ነግራኛለች። ዛሬም ከጮህኩ ውጪ ሆኜ ነው የምጠብቃት።

ደብተሩ የምማርበት የጎልማሶች ትምህርት ነው። አስተማሪያችን የሳምንቱን የእንግሊዝኛ ቃል እቤት ተረጋግተን እንድንጽፍ አይፈቅድም፤ ነገሩ ራሱ ሲደርስብን፣ እዚያው በቆምንበት ነው የምንጽፈው። የዚህ ሳምንት ቃል ቴረር ነው። ተራ ፍርሃት አይደለም አለን፤ ጉልበት ቄጤማ ሲሆን፣ ምላስ ከትናጋ ሲጣበቅ ነው። ሰፈር የሚያምስ ልጅንም በቀልድ እንዲሁ ይሉታል ሲለን፣ ከኋላ የሚቀመጡት ልብስ ሰፊ ለሚስትም ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቃሉ በልኬ የተሰፋ መሰለኝ።

ልጄ ጫፉ ላይ ደርሳለች። ጣውላው ከእግሯ ሥር ይወዛወዛል። ቁልቁል ታያለች፤ ከዚያ እኔን ታያለች።

ክው አልኩ። አፌ ሊከፈት ሲል እስክሪብቶውን ጨበጥኩና ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

ቲ። እኔ ስጽፍ እንደ ሰው አይደለም፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል ነው የምሥለው። ኢ። አር፣ አር፤ አስተማሪያችን እነዚህን ሲያነብልን አልነሳ ያለ ሞተር ይመስላል። ኦ እንቁላል ሆነብኝ፤ እስኪከብ ድረስ ዞርኩበት። የመጨረሻውን አር ወደ መስመሩ ልመልሰው እታገላለሁ።

ቧ።

ቀና ስል ጣውላው ባዶውን ይርገበገባል። ውሃው መሃል የልጄ ራስ ብቅ አለ፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። አሰልጣኟ ታጨበጭባለች።

ዋኝታ መጥታ የገንዳውን ጠርዝ ያዘች። «እማዬ፣ አየሽኝ?»

መዋሸት አማረኝ። «አላየሁሽም የኔ እናት። እየጻፍኩ ነበር።»

ደብተሩን አየችው። እኔን አየችኝ። «በቃ አሁን እንዳትጽፊ» ብላ ከውሃው ወጣችና፣ ውሃ እያንጠባጠበች ወደ መሰላሉ ተመለሰች።

ደብተሬን ዘጋሁ። አፌን በሁለት እጄ ይዤ፣ ዓይኔን እሷ ላይ ተክያለሁ።