የጋሼ ገብረእዝጊ ጣሳዎች

አቶ ገብረእዝጊ አያት ሰፈር ባለው ግቢያቸው ውስጥ በየጣሳው የተቀመጠ አንዲት ክፍል ሙሉ ባሩድ አላቸው። በጉልበታቸው ዘመን ፈረንጅ አዳኞችን ወደ ባሌና ወደ ኦሞ ይመሩ ነበር። አዳኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተረፋቸውን ባሩድ ትተውላቸው ይሄዱ ነበር፤ እሳቸውም በየጊዜው እየገዙ ጨመሩበት። አሁን አደኑ ቀርቷል። የተተኮሰ ቀለህ እያጠቡ፣ ባሩዱን በወርቅ ሠሪ ሚዛን እየለኩ ጥይት መልሶ መሙላቱን ግን አልተዉትም።

"ይሄኛው ቸኩሎ የሚነድ ነው፤ ያኛው ረጋ ብሎ ይገፋል" ይላሉ ጣሳዎቹን እያሳዩ፣ ሰው የልጆቹን ጠባይ እንደሚያወራ።

ፈትያ ወደዚህ ግቢ ሥራ ፍለጋ የመጣችው ሕፃን ልጇን ሰልዋን በጀርባዋ አዝላ ነው። ባሏ ሐሩን በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከሄደ ሰንብቷል፣ ስልኩም አይነሳም። ሽማግሌው በራፉ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ወጥ ትሠሪያለሽ?"

"እሠራለሁ፣ ጋሼ።"

"አፍንጫሽስ ደህና ነው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም። "ደህና ነው" አለች።

ምክንያቱ ኋላ ነው የገባት። ባሩድ ሲያረጅ ይኮመጥጣል፤ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። የኮመጠጠ ባሩድ ደግሞ ክብሪት አይጠብቅም፤ ውስጥ ውስጡን ግሎ በራሱ ይቀጣጠላል። የሽማግሌውን አፍንጫ ዕድሜ ወስዶታል። ስለዚህ ጣሳዎቹን በየሳምንቱ ከፍቶ ማሽተት የፈትያ ሥራ ሆነ። ከባሩዱ ክፍል ጋር ግድግዳ የምትጋራዋን ሰርቪስ ያለ ኪራይ ሰጧት።

ፈትያ ጥንቁቅ ናት። ክዳኑን ትከፍታለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ቀና ብላ የሽማግሌውን ፊት ታያለች። "እንደ ባለፈው ነው፣ ጋሼ።" ክዳኑ ሥር ዝገት መሳይ ቀይ ብናኝ ካየች በጨርቅ ትወለውለዋለች። ንጹሕ ዕቃ ትወዳለች።

ክረምቱ ሲወጣ ይሕደጎ የሚባለው የሽማግሌው ልጅ መመላለስ ጀመረ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቢሮ አለው። ቤቱ ይሸጥና አባቴ እኔ ጋ ይግቡ ነው የሚለው። አጥር የምትጋራቸው ምንትዋብም ከእሱ ጋር ሆነች። ምንትዋብ የቤት ደላላ ናት፤ ገዢ አግኝቻለሁ ትላለች።

አንድ ጠዋት ምንትዋብ ኩሽናው በር ላይ ብቅ አለች። "አንቺ! ወተቱ አረረ እኮ!"

ፈትያ ጀርባዋን ሰጥታ ሰልዋን ስታጥብ ነበር። ሮጣ አወረደችው።

"ሐሳብሽ ጅቡቲ ነው አይደል?" ምንትዋብ ሳቀችባት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስሚኝ፣ ያ ክፍል ከሰሞኑ ኮምጠጥ ያለ ነገር እየሸተተኝ ነው። ለሽማግሌው ንገሪያቸው። ቤቱ ሲሸጥ እኔም ባዶ እጅሽን አልተውሽም።"

ፈትያ ነገሩ ገባት። ባሩዱ ከወጣ ቤቱ ይሸጣል፤ ቤቱ ከተሸጠ እሷና ልጇ መንገድ ላይ መውደቃቸው ነው።

"ምንም የለም፣ እትዬ" አለች።

እሑድ ከሰዓት ይሕደጎ መጣ። የባሩዱን ክፍል ከፍቶ ሳይገባ አፍንጫውን ያዘ።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ተበላሽቷል! ሆምጣጤ ነው የሚሸተው!"

"ሆምጣጤ የምትለዋን ከእኔው ነው የሰማሃት። ምንትዋብም ትናንት ይቺኑ ቃል ደገመችልኝ። ተጠናንታችሁ ነው?"

"ቤቱ ይቅር፣ እሺ? ባሩዱን ብቻ እናውጣው። ከግድግዳው ወዲያ ሕፃን ትተኛለች።"

"ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ የሰው ሕፃን ያሳሰበህ?" ሽማግሌው ፈትያን ጠሩ። "እሷ ትፍረድ። አንድ ጣሳ እንኳ ተበላሽቷል ካለች ዛሬውኑ ሜዳ አውጥቼ አቃጥለዋለሁ፤ ቤቱንም ሽጠው። ደህና ነው ካለች ግን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።"

ይሕደጎ ወደ ፈትያ ዞረ። "እህቴ፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ። እውነቱን ተናገሪ።"

ፈትያ የመጀመሪያውን ጣሳ አነሳች። ለብ ብሏል፤ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች። ሰልዋ ደጃፉ ላይ እየዳኸች ነበር።

"ደህና ነው።"

ሁለተኛውን ከፈተች። "ይሄም ደህና ነው።" እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው ደረሰች።

ይሕደጎ ትክ ብሎ አያት። "ምን ቢሰጡሽ ነው?" አለ። መልስ አልጠበቀም፤ የግቢውን በር አላትሞ ወጣ።

የሽማግሌው ዐይን እንባ አቀረረ። "ልጄ ይዋሸኛል፣ ጎረቤት ይዋሸኛል። አንቺን ነው የማምነው፣ ፈቲ። በሕይወት እስካለሁ ያቺ ሰርቪስ ያንቺ ናት።" ጣሳዎቹን አጥብቀው ከደኑና በጋራው ግድግዳ ጥግ መልሰው ደረደሯቸው።

ሲመሻሽ ፈትያ ሰልዋን ሰርቪሷ ውስጥ፣ እዚያው ግድግዳ ሥር አስተኛቻት። ውጭው ይበርዳል፤ ግድግዳው ግን ከሰሞኑ ሞቅ ይላል።

ፈትያ ሰልዋን አርግዛ ሳለች አንድ ከባድ ጉንፋን ከያዛት ወዲህ፣ አንድም ነገር ሸትቷት አያውቅም።