ቁልቁል የተተከሉ ቱሊፖች

አማቷ በሕይወት ሳሉ በአበባ አቆራረጥ እንኳ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጧት ነበር። «በሰያፍ ቁረጪው አላልኩሽም? ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጠሽ!» ይሏታል እንግዳ ፊት፣ መቀሱን ነጥቀው። ሊሞቱ ሲሉም «የቱሊፕ አበቦቼን አደራ» አሏት።

ምራትየዋ ብርዱ ሳይገባ ሽንኩርት የመሰሉትን ሥሮች አወጣችና ጫፋቸውን ቁልቁል ደፍታ መልሳ ቀበረቻቸው።

«እንግዲህ እዚያው ታች ሆነው ይዩዋቸው!» አለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ጸደይ ገብቶ የጎረቤቱ ግቢ በአበባ ሲደምቅ የእነሱ መደብ ባዶ አፈር ሆኖ ቀረ።

«የእናቴ አበባ ምን ነካው?» አለ ባሏ።

«እኔ ምን አውቄ!»

እሱ ሥራ እንደሄደ ግን አላስችል አላትና ቆፈረች። አገዳው ወደ ታች አድጓል፤ ለምለም ነው። ስትስበው ወጣ፤ አበባ ግን የለውም። ጫፉ በሰያፍ ተቆርጧል፤ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ሌሎቹም።

ለመጨረሻው እጇን እስከ ክርኗ አፈር ውስጥ ሰደደች። ጣቶቿ የአበባውን ልስላሴ እንደነኩ፣ ሁለት ቀዝቃዛ ስለቶች መጥተው የቀለበት ጣቷን በመሃላቸው አስገቡ። ከዚያ፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ ሰያፍ ዘወር አሉ።