የላይኞቹ ካርቶን

ብሉማ የምግብ ካርቶኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ አንኳኳችና ዞረች። የተቸገረ ሰው እንዳያፍር፣ በሩ ሳይከፈት ዞር ማለት ነው ሥርዓቱ። ያወጣችውም ራሷ ናት፤ ያኔ ከወጥ ቤቷ ሁለት የሰንበት ዳቦና አንድ ዶሮ ይዛ ስትጀምር ጉልበቷ ይታዘዝላት ነበር። ዛሬ ሥራው የብሩክሊኑን ምኩራብ ምድር ቤት ሞልቶ፣ በጎ ፈቃደኛውም በዝቶ፣ እሷ ግን የደጁን ደረጃ መውረድ አቅቷት የደረጃውን ብረት እንደያዘች ቆማለች። በሩ ተከፈተ።

ፍሬይድል ነበረች። ጠዋት ምድር ቤቱ ውስጥ አብራት ካሮት እያሸገች፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ እያንቀላፋሽ ካርቶን ውስጥ እንዳናሽግሽ!" እያለች ስትስቅባት ያረፈደችው ፍሬይድል። ለብሉማ የተሰጣት የቤት ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም አይነገርም። ጓደኛዋ መቼ ቤት እንደለወጠች እንኳ አልሰማችም። ፍሬይድል ካርቶኑን አየች፣ ብሉማን አየች፣ ፊቷ እስከ አንገቷ ቀላ።

"ለላይኞቹ ነው አይደል?" አለች በመጨረሻ። "ሽማግሌዎች ናቸው። ተይው፣ እኔ አደርስላቸዋለሁ።"

"እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ" አለች ብሉማ። "ይሄ ጉልበቴ እንኳን ፎቅ መውጣት፣ ይቺን ደረጃም አልቻለ። በየሳምንቱ አንቺ ብታደርሺልኝስ?"

"ምን ገዶኝ" አለች ፍሬይድል፣ ካርቶኑን እያነሳች።

ብሉማ ብረቱን ተደግፋ ቀስ እያለች ወረደች፤ ቀና ብላም አላየችም። ቤቱ ፎቅ እንደሌለው ስትመጣ አይታ ነበር።